የአፈ ጉባኤው ድምፅና የሐዘን ዘይት

የሙነወር ዳማስ ከቡልቡላው ኮንዶሚኒየም ግቢ ወጥታ የአስፋልቱን ጠርዝ ስትረግጥ፣ ጣሪያዋ ላይ በገመድ የታሰረው ሞንታርቦ ጉሮሮውን ጠረገና «የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች!» አለ። ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡት የወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ ገብረየስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከጣሪያው ላይ የሚጮኸው ሰው እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። ድምፃቸውን ባለፈው ሰኞ አስቀድተውት ነው።

«በሕዝብ ጉሮሮ ላይ የቆመ፣ ምርት የሚደብቅ ስግብግብ ነጋዴ ከእንግዲህ መግቢያ የለውም! ስሙ በአደባባይ ይነገራል! ንግድ ፈቃዱ ይሰረዛል!»

«እስቲ ይህን ነገር አጥፋው፣ ሙነወር» አሉ አቶ ገብረየስ።

«ማጥፊያው ተበላሽቷል ጋሼ» አለ ሙነወር ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ደግሞስ ለምን ይጠፋል? ወላሂ ድምፅዎ ያምራል። ጎሮ ድረስ ይሰማል።»

ውሸቱን አልነበረም። ጎሮ ሲደርሱ የታክሲ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያቸው። አንዲት ሽንኩርት ቸርቻሪ ድምፁን እንደሰማች ሸራዋን ጎትታ ሽንኩርቷን ሸፈነች። ካፊያው የዳማሷን መስታወት እየመታ፣ መጥረጊያው እያቃሰተ፣ አፈ ጉባኤው የራሳቸውን ስድብ እያዳመጡ ወደ አያት ገሰገሱ።

የሄዱበት ጉዳይ አጭር ነው። አያት ሥልጠና ላይ ያለውን የወረዳውን የንግድ ኢንስፔክተር ሐጎስን አግኝተው ማስማማት ነበረባቸው። ካልተሳካ፣ ነገ ጠዋት በሕዝብ ፊት የሙነወር እህት የሰኪና ስም በዚያው ሞንታርቦ ይጠራል፣ ሱቋም በዚያው ያበቃለታል። ሰኪና ደግሞ ከዚያ ሱቅ በቀር ምንም የላትም። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን አቶ ገብረየስ ያውቃሉ። ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዘመኑ የሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ነው። የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን የተባለው በዚያው ሐምሌ መጨረሻ ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ የውጭ ሰው በጅምላና በችርቻሮ ንግድ እንዲገባ በሩ ተከፍቶለታል። ወደፊት ይህን ዘመን የሚጽፉ ሊቃውንት ስለ ባንክና ስለ ምንዛሪ ይጽፉ ይሆናል፤ ስለ ወረዳ ግን የሚጽፍ አይገኝም። እኔ ወረዳውን አልተውም። በአገራችን ትልቅ ነገር ሲመጣ ቀድሞ የሚደነግጠውም ቀድሞ ኮሚቴ የሚያቋቁመውም እሱ ነውና። የወረዳውን ቁጥር ግን አልናገርም። ሰዎቹ አሁንም ሥራ ላይ ናቸው፤ እኔም አንዳንድ ቀን መሸኛ ደብዳቤ ያስፈልገኛል።

የምክር ቤቱ አስቸኳይ ጉባኤ አንድ አጀንዳ ነበረው፤ «ለአገራዊው የኢኮኖሚ ለውጥ ወረዳዊ ቅድመ ዝግጅት» ይላል። አንዱ ተመራጭ ተነስቶ «ፈረንጅ መጥቶ ቲማቲም በኪሎ ሊሸጥልን ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ምክትል አፈ ጉባኤው ኣምደሚካኤል ቀጠለና «ከመጣስ በዱቤ ይሰጣል ወይ?» አለ። ለዚህ መልስ የሚሰጥ ስለጠፋ ጥያቄው በይደር ተያዘ። በመጨረሻ ለዝግጅቱ ሁለት ነገር ተወሰነ። ሰው ደንግጦ ምርት እንዳይደብቅ፣ የደበቀ ሱቅ ሁሉ ይታሸግ። ለነዋሪውም ከክፍለ ከተማ እንግዳ በተገኘበት የግንዛቤ መድረክ ይዘጋጅ። አቶ ገብረየስ ከቀኝ ኪሳቸው የምክር ቤቱን ማኅተም አውጥተው ውሳኔው ላይ አሳረፉ።

በግራ ኪሳቸው ያለው ማኅተም የእድሩ ነው።

አቶ ገብረየስ ከመንገድ ሥራ ጡረታ ወጥተው ቡልቡላ ከገቡ ጀምሮ ሹመት ሲሰጣቸው እምቢ ብለው አያውቁም። በምክር ቤቱ «ክቡር አፈ ጉባኤ» ናቸው፣ በእድሩ «ሊቀመንበር»፣ በባለቤታቸው በወይዘሮ አልማዝ ዘንድ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»። የምክር ቤቱ አባላትም ሁሉም እድርተኞች ናቸው። ስለዚህ ጉባኤው ሲያልቅ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ የእድሩ ስብሰባ ተጀመረ። ልማዳቸው ነው፤ ለምን ሰው ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል ይላሉ።

ሰው ከክቡርነት ወደ እድርተኛነት ሲወርድ ግን የልቡን ይናገራል። «ዘይት ሊወደድ ነው፣ ሊጠፋም ይችላል» አለ ያው ኣምደሚካኤል። «ሐዘን ቤት ወጥ በምን ሊሠራ ነው?» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። በእድሩ ገንዘብ ዘይት ይገዛ፣ ነዋሪው ከሰማ «አካፍሉን» ማለቱ አይቀርምና በምስጢር ይቀመጥ ተባለ። አቶ ገብረየስ ከግራ ኪሳቸው የእድሩን ማኅተም አውጥተው አሳረፉ። በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መደበቅን ከልክለው ደበቁ። ተንኮል አልነበረበትም። ቀኝና ግራ ኪሱን አገናኝቶ ያሰበ ሰው አልነበረም እንጂ።

ዘይቱ የገባው ሰኪና ሱቅ ነው። ሰኪና የወሎ ሴት ናት፣ ኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ስኳርና ሳሙና፣ መኮሮኒና ክብሪት ትሸጣለች። ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ያለ ኪራይ ታስቀምጣለች። ሙስሊም ክርስቲያን ሳትል፣ ሐዘን በመጣ ቀን ሁሉ በሯን የምትከፍት ሴት ናት። ጀሪካኖቹን ሙነወር በዳማሱ አምጥቶ ከድንኳኑ ኋላ ደረደራቸው፤ አቶ ገብረየስም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ሰኪናዬ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አሏት።

«አማና ነው ጋሼ። አልናገርም» አለች።

ሐጎስ ከሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወረው በዚያ ሳምንት ነው። እድር ገና አልገባም። ውሳኔውን በእጁ ይዞ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሰኪና ዘንድ ደረሰና ዘይት አለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የራሷ ስላለቀባት የለም አለችው። ድንኳኑን ገለጥ ሲያደርግ ጀሪካኖቹን አየ።

«ይህስ?»

«የሰው ነው።»

«የየትኛው ሰው?»

«የባለቤቱ።»

ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልወጣትም። ሐጎስም ሕጉ የሚለውን አደረገ። በሩ ላይ ቀይ ማኅተም ያረፈበት «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ለጠፈ።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የሰኪና መከራ ብቻ ነበር። የመድረኩ ቀን ሲቃረብ ግን የወረዳው አዳራሽ ጠባብ ነው፣ ስብሰባው በኮንዶሚኒየሙ ግቢ ይሁን ተባለ። ወሩ ነሐሴ ነውና ያለ ድንኳን አይታሰብም። ድንኳኑስ የት ነው? ከተዘጋው በር ኋላ። በሩንስ ማን ይከፍታል? ያሸገው ብቻ። ለአገር ገበያ መከፈት የሚዘጋጀው ወረዳ የራሱን ድንኳን ማስከፈት አቃተው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ለዚህ ነው።

አያት ሲደርሱ ሐጎስን ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ አጠገብ ባለው የሥልጠና አዳራሽ በር ላይ አገኙት። ከጀርባው «ቀልጣፋ የንግድ አገልግሎት ለአዲሱ ዘመን» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ሻይ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ቦንቦሊኖውን በሶፍት ጠቅልሎ እንዳይፈርስበት በጥንቃቄ የሚገምጥ ቀጭን ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር» አሉ አቶ ገብረየስ ባጃቸውን አንገታቸው ላይ አስተካክለው። «እሽጉን ለትንሽ ሰዓት ቢያነሱልን። ድንኳኑንና ወንበሩን ብቻ አውጥተን በሩን መልሰን እንዘጋዋለን።»

«ማሸግ ቀላል ነው አቶ ገብረየስ፣ መክፈት ነው ጣጣው። ከከፈትኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ በምስክር ፊት ቆጥሬ ማውጣት አለብኝ። ድንኳኑን ቆጥሬ ዘይቱን ብዘለው ሌባው እኔ እሆናለሁ።»

«ዘይቱንማ... እንዳላዩት ቢሆኑስ?»

«አይቼዋለሁኮ።»

አቶ ገብረየስ ወረቀትና ሞኝ የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት በሆዳቸው ተረቱ። ከሁለቱ ሐጎስ የትኛው እንደሆነ ግን መወሰን አቃታቸው።

«እኔም ደስ ብሎኝ አላሸግኩም» አለ ሐጎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማን እንደሆነ ብትነግረኝ ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። አሁንም ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ ‹የእኔ ነው› ካለ እሷ ነጻ ናት። እስካሁን ግን ማንም አልመጣም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው፣ በእሱ ዕቃ ሰበብ የሴት ሱቅ ሲታሸግ ዝም ብሎ የሚያይ?»

«ስግብግብ!» አለ ከውጭ ሞንታርቦው።

አቶ ገብረየስ ያን ጊዜ መናገር ይችሉ ነበር። አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። ነገር ግን የክፍለ ከተማዋ እንግዳ ፊት፣ የምክር ቤቱ ፊት፣ የግቢው ወሬ፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡባቸው። ፈሩ። ሌላ ቃል የለውም፣ ፈሩ። «ይመጣ ይሆናል» ብለው ወደ ዳማሷ ተመለሱ።

«ነገ ጠዋት እኔም እመጣለሁ!» አላቸው ሐጎስ ከኋላ። «በሕዝብ ፊት እከፍተዋለሁ!»

ሰሚት ላይ መንገዱ ተጨናንቆ ሲቆሙ ሙነወር «ነገሩት?» አለ።

«ነገ እመጣለሁ ብሏል።»

«እሱን አልጠየቅኩም ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ ቡልቡላ እስኪደርሱ ድረስ የተናገረው ሞንታርቦው ብቻ ነበር።

ሰኪና በታሸገው በሯ ፊት የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። የምትሸጠው ነገር ባይኖርም እንደ ወትሮዋ በጠዋት መጥታ ማታ ትሄዳለች። ደንበኛው በልማዱ «ሰኪና፣ ክብሪት» ይላል፤ እሷም በጣቷ ወደ ወረቀቱ ታሳያለች። ከራሷ በላይ ደግሞ የወረዳው የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ቲጂ መሰላል ላይ ወጥታ ለነገው መድረክ ሰፊ ባነር ትሰቅላለች። ባነሩ «ገበያችን ለዓለም ክፍት ነው!» ይላል። ልክ ከታቹ «ታሽጓል» የሚለው ወረቀት አለ።

«አንቺ ቲጂ፣ ሌላ ግድግዳ አጣሽ?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«ጋሼ፣ ለካሜራ ፐርፌክት የሆነው ይሄ ብቻ ነው። ላይት አለው። ወረቀቷን ክሮፕ አደርጋታለሁ፣ ዶንት ወሪ።»

ቲጂ መሰላሏን ተሸክማ ስትሄድ አቶ ገብረየስ ጎንበስ አሉ። «ሰኪናዬ፣ ለምን አልነገርሽውም?»

«አትናገሪ አሉኝ።»

«ለኢንስፔክተር እንኳ?»

«ከኢንስፔክተር በስተቀር ብለውኝ ነበር እንዴ?» ነጠላ ሻሿን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «ጋሼ፣ እኔ ሱቄን የከፈትኩት በአማና ነው። ሰው ቁልፉን፣ ዕቁቡን፣ የልጁን ጥሎሽ ሳይቀር እኔ ዘንድ ያስቀምጣል። አንዴ አፌን ብከፍት፣ ከዚያ ወዲያ ይህ በር ተከፈተ አልተከፈተ ምን ያደርግልኛል?»

«ነገኮ ስምሽን ሊጠሩት ነው።»

«ይጠሩት። ድምፁ የእርስዎ ነው።»

አቶ ገብረየስ ቀና ብለው በሩ ላይ ያለውን ቀይ ማኅተም አዩ።

«ተቆጥቼ አይምሰልዎት» አለች። «አማና ከእጅ የሚወጣው ለባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። አብሽሩ።»

ያን ማታ አቶ ገብረየስ እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ወይዘሮ አልማዝ «አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ምን ሹመት ሰጡህ?» ብለው ጠየቁ፤ እሳቸው ግን የዘይቱን ደረሰኝ ፈልገው ኪሳቸው ከተቱ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ዝቅ ብሎ በእጅ የሚነካ ይመስል ነበር። ነዋሪው ጃንጥላውን ይዞ ግቢውን ሞላው። የክፍለ ከተማዋ እንግዳ ወይዘሮ ሰብሊ ቡናማ ካፖርት ለብሰው፣ የሚቀመጡበት ስለሌለ ቆመው፣ ሰዓታቸውን ያያሉ። የምክር ቤቱ አባላት በባጃቸው ተሰልፈዋል። ቲጂ ስልኳን በእንጨት ላይ ሰክታ «ጋሼ፣ ላይቭ ልንገባ ነው፣ ወንበር የለም እኮ! በቃ ስታንዲንግ ነው እንበል?» ትላለች።

ሐጎስ በሰዓቱ ደረሰ። ባነሩን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከተሰለፉት መካከል ሁለት ምስክር መርጦ እሽጉን ቀደደና ድምፁን ከፍ አድርጎ መቁጠር ጀመረ። አግዳሚ ወንበሮቹ ወጡ። የድንኳኑ ብረቶች ወጡ። ሸራው በአራት ጎረምሳ ተጎትቶ ወጣ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ከመቅጽበት ተከሉት፤ ለሐዘን እንደለመዱት ነው፣ አንዱማ ተሳስቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሊል ጥቂት ቀረው። ወይዘሮ ሰብሊ ተቀመጡ። ሁሉም እፎይ አለ።

ከዚያ ጀሪካኖቹ መውጣት ጀመሩ።

አንዱ ሲወጣ ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ብዙ ሲሆኑ ማጉረምረም ተነሳ። ልክ በእንግዳዋ ፊት ተደረደሩ፤ ቢጫ፣ ወፋፍራም፣ በዚያ ሰሞን ሰው በሕልሙ ብቻ የሚያየው ዓይነት ዘይት። አንዲት እናት «ወይኔ! እኔ በሎሚ ሰላጣ ስበላ ሰነበትኩ!» ብለው ጮኹ።

«የማን ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ ወይዘሮ ሰብሊ።

«የአማና ነው» አለች ሰኪና ከሳጥኗ ሳትነሳ። «ባለቤቱ ሲመጣ እሰጣለሁ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

የምክር ቤቱ አባላት በአንድ ጊዜ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ኣምደሚካኤል የጫማ ማሰሪያውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ያደረገው ጫማ ግን ማሰሪያ አልነበረውም። ሰኪና ወደ አንዳቸውም አላየችም። ወደ አቶ ገብረየስም አላየችም። ይህ ነው የቆረጣቸው። ብታያቸው ኖሮ ምናልባት እንደገና ይፈሩ ነበር።

ባጃቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ለቲጂ ሰጧትና ወደ ጀሪካኖቹ ሄዱ። «የእኔ ነው» አሉ። ድምፃቸው ከሞንታርቦው በጣም ያነሰ ነበር። «የእድሩ ነው። ያስገዛሁት እኔ፣ ያስደበቅሁት እኔ፣ አትናገሪ ያልኳትም እኔ ነኝ። ደረሰኙ ይኸው። እሷ ቃሏን ጠበቀች፣ እኔ ግን ይህን ሁሉ ቀን አፌን ያዝኩ። አፈርኩ።»

ሐጎስ ቅጹን አወጣ፤ የእሱ ነገር እንዲህ ነው። «የዕቃው ባለቤት?»

«የእድሩ ሊቀመንበር።»

«ስም?»

«ገብረየስ።»

የሐጎስ እስክርቢቶ ቆመ። «ሱቁ እንዲታሸግ ውሳኔው ላይ የፈረሙት...»

«እኔው ነኝ።»

«ባለንብረቱ በእሽጉ ላይ ቅሬታ ቢኖረው የሚያቀርበው ለምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ነው።»

«እሱም አለ» አሉ አቶ ገብረየስ። «እዚሁ ቆሟል። ቅሬታ የለውም።»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ሰብሊ ናቸው። እሳቸው ከሳቁ በኋላ ግቢው ሁሉ ሳቀ፤ በሎሚ ሰላጣ የበሉት እናት እንኳ ሳቁ። በዚያው ቅጽበት ለመድረኩ ቅስቀሳ ሲዞር የቆየው ሙነወር በዳማሱ ከግቢው ገባ፣ ሞንታርቦውም እንደ ልማዱ «ስሙ በአደባባይ ይነገራል!» አለ። ሙነወር አቶ ገብረየስን ከጀሪካኖቹ መሀል ቆመው አያቸው፣ እህቱን አያት፣ ነገሩ ገባው። በአንድ ጣቱ ጠቅ አደረገና ሞንታርቦውን አጠፋው።

«ተበላሽቷል አላልከኝም?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«አሁን ተሠራ ጋሼ።»

«ማኅተም ያሳርፉ» አለ ሐጎስ ቅጹን ዘርግቶ። አቶ ገብረየስ እጃቸውን ወደ ቀኝ ኪሳቸው ሰደው ማኅተም አወጡ። ሐጎስ አየት አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «ይህ የአሻጊው ነው። የተረካቢውን።» አፈ ጉባኤው ወደ ግራ ኪሳቸው ዞሩ።

ወይዘሮ ሰብሊ የተዘጋጀላቸውን ንግግር አላነበቡም። «እኔ የመጣሁት ሕዝቡን ገበያው ሲከፈት አትደንግጡ ልለው ነበር» አሉ። «ለካ ቀድማችሁ የደነገጣችሁት እናንተ ናችሁ። የውጭ ነጋዴ ሲመጣ ምን እንደሚሸጥ አላውቅም። ይህችን ሴት የሚያህል ዕቃ ጠባቂ ግን ይዞ የሚመጣ አይመስለኝም።» ከዚያ ወደ ሰኪና ዞሩ። «እህቴ፣ ወረዳው ይክሰኝ የምትዪው ነገር አለ?»

ሕዝቡ ጆሮውን አቀና። ኣምደሚካኤል ከጫማው ቀና አለ።

«ገንዘብ አልፈልግም» አለች ሰኪና። «ያው ድምፅ፣ ያው መንገድ ይበቃኛል።»

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሙነወር ዳማስ እንደገና ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ ወጣች። አቶ ገብረየስ ዛሬ ቀረጻ አልነበራቸውም፤ ጋቢና ውስጥ ማይኩን ይዘው በቀጥታ ይናገራሉ። «የተከበራችሁ የወረዳችን ነዋሪዎች! ሰኪና ንጹሕ ናት! ሱቋ ተከፍቷል! የደበቅሁት እኔ ገብረየስ ነኝ!» ጎሮ ላይ ያቺ ሽንኩርት ቸርቻሪ ሸራዋን ልትጎትት እጇን ሰደደችና፣ የሚለውን ሰምታ፣ ተወችው። ሙነወር በሥራው ተመስጦ ወረዳው ካለቀ በኋላም ነዳ። «እዚህኮ የእኛ ወረዳ አይደለም» አሉት አፈ ጉባኤው። «ትናንትና አያት ድረስ ተሰምቷል ጋሼ» አላቸው። አያት ድረስ ሄዱ።

ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ልባቸው ግን ቀልሎ ነበር። ከደረጃው ሥር ወይዘሮ አልማዝ ጠበቋቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ጉድህን ሰማሁ። ቤት ውስጥ ዘይት ጠብታ የለም፤ ይህን ሁሉ ዘይት ከገዛህ አንድ ሊትር አምጣ» አሏቸው።

አቶ ገብረየስ ሰኪና ሱቅ ሄዱ። በሩ ተከፍቶ፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰው ክብሪትና ሳሙና ይገዛል። ጀሪካኖቹ ወደ ቦታቸው፣ ከድንኳኑ ኋላ፣ ተመልሰዋል። ጫፋቸው ከዚያው ይታያል።

«ሰኪናዬ» አሉ በሹክሹክታ፣ ድምፃቸው ከዚያ በላይ አይወጣምና። «አንዲት ሊትር ዘይት።»

«የእኔ አልቋል ጋሼ። ሰኞ ይገባል።»

በጣታቸው ወደ ጓዳው አሳዩ። «እዚያ ያለውስ?»

ሰኪና ዞራ ጀሪካኖቹን አየች፣ ከዚያም እሳቸውን፣ እንደ ታናሽ እህት በፍቅር ፈገግ ብላ።

«እሱ የሐዘን ነው» አለች። «እርስዎ የሞቱ ቀን እኔው ራሴ አወጣዋለሁ። እስከዚያ አብሽሩ።»